ልብ ኦክስጅኑን የሚጨርሰው በምን ላይ ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ልብ ደም ቅዳዎች መጥበብ ካወጣነው ጽሑፍ በኋላ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሰባቱን መርጠናል። አጠያየቃቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚያንኳኩት አንድ በር ነው፤ ልብ የሚሠራው ሥራና የሚፈጀው ኦክስጅን ለምን አይመጣጠኑም?

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ከቦሌ እስከ መገናኛ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ምንም አይለኝም። በቅርቡ ውኃ ሲጠፋ ግን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ቁጭ ስል በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለቀቀኝ። ያን ሁሉ መንገድ የቻለ ልብ በሦስት ደቂቃ ደረጃ እንዴት ይሸነፋል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ የሚቀድመውን እንበል። ሲሠሩ የሚመጣና ሲያርፉ የሚሄድ የደረት መጨምደድ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ የልብ ደም ቅዳ መጥበብ ነው ተብሎ መመርመር አለበት። ተኝተው የሚነሱት ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ) ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ልብዎ ምንም አልጎደለበትምና። ስለዚህ ለሐኪምዎ «ሸክም ይዤ ደረጃ ስወጣ» ብለው በዝርዝር ይንገሩ፤ «ደረቴን ያመኛል» ብቻ አይበቃም። ምርመራው እስኪያልቅ ጀሪካኑን ሌላ ሰው ይያዝልዎ።

አሁን ወደ ነገሩ። ልብ ደም ይረጫል፤ የሚረጨው ግን በግፊት ላይ ነው። ኦክስጅን በብዛት የሚበላው የሚረጨው ደም መጠን ሳይሆን የሚረጭበት ግፊት ነው። ሜዳ ላይ ሲራመዱ የእግር ጡንቻዎች የደም ሥሮች ይከፈታሉ፤ ልብ ብዙ ደም ያስተላልፋል፣ ግፊቱ ግን መጠነኛ ጭማሪ ብቻ ያሳያል። ጀሪካን ሲጨብጡ ነገሩ ይገለበጣል። ጭብጥ ብሎ የተወጠረ የክንድ ጡንቻ በውስጡ የሚያልፉትን የደም ሥሮች ራሱ ይጨፈልቃቸዋል፤ ደም ሲያጥረው ወደ አንጎል መልእክት ይልካል፣ አንጎልም የመላ ሰውነቱን ግፊት ከፍ በማድረግ ይመልሳል። በዚያ ላይ ሸክም ያነሳ ሰው ሳያስበው ትንፋሹን ይይዛል፤ ይሄም ግፊቱን የባሰ ያስወነጭፈዋል። ደረጃው ደግሞ የልብ ምቱን ይጨምራል።

ሐኪሞች ይህን ለመገመት ቀላል ዘዴ አላቸው፤ የላይኛውን የደም ግፊት በደቂቃ የልብ ምት ማባዛት። ቁጭ ብለው የላይኛው ግፊት 120፣ ምቱ 70 ቢሆን ብዜቱ 8,400 ነው። ለምሳሌ በእግር ጉዞው 140 በ95 ቢደርስ 13,300 ይሆናል። በጀሪካኑ 190 በ120 ቢወጣ 22,800 ነው። ደም ቅዳው በጠበበ ሰው ላይ ሕመሙ የሚጀምርበት ብዜት ከቀን ቀን ብዙም አይለዋወጥም። የእርስዎ ወሰን በ13,300 እና በ22,800 መካከል የሆነ ቦታ ላይ ከሆነ፣ መንገዱ ዘላለም ቢረዝም ወሰኑን አይነካውም፤ ደረጃው ግን በደቂቃዎች ያልፈዋል።

ብዜቱን ቤት ውስጥ መከታተል ከፈለጉ በዕረፍት ጊዜ ይለኩ እንጂ ሕመሙን ጠርተው አይለኩ። ከመለካትዎ 30 ደቂቃ በፊት ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትክክል ያሳርፉ፤ ክንድ ከልብ በታች 10 ሴንቲ ሜትር ቢንጠለጠል ንባቡ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በሐሰት ይጨምራል። ጨርቁ ለክንድዎ ከጠበበም እንዲሁ። ወሬ ማውራትም ያስጨምራል፤ የቤተሰብ ሐኪም የሆነው ጎረቤት እያጫወተ ሲለካ የሚወጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ የጨዋታው ነው። ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ለክተው አማካዩን ከልብ ምቱ ጋር ይጻፉ። የልብ ምታቸው የተዘበራረቀ ሰዎች በአውቶማቲክ መሣሪያ የሚያገኙትን ቁጥር ብዙም አይመኑት።

ሐኪምዎ ሸክም ከፈቀደልዎ ባለ 20 ሊትሩን በአንዴ ከማንሳት ባለ 5 ሊትር እየያዙ መመላለስ፣ ከእጅ ይልቅ በጀርባ መሸከም፣ ሲያነሱ ትንፋሽን መልቀቅ፣ በየፎቁ ማረፍ። ምግብ በልተው ወዲያው፣ ወይም በማለዳ ብርድ ግን አይሞክሩት፤ ሁለቱም ወሰኑን ያቀርቡታል።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የልብን ሥራ ለተማሪዎቼ ሳሰላ በአንድ ምት 1 ጁል እንኳ አይሞላም። ከኦክስጅን ፍጆታው ጋር ሳወዳድረው ግን ከአምስት እጅ አራቱ የት እንደገባ አላገኘሁትም። ስሕተቴ የቱ ጋ ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ስሕተት የለብዎትም፤ ሂሳቡን ለሌሎች አንባቢያን እንድገመው።

የልብ ግራው የታችኛ ክፍል በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም በአማካይ 95 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ላይ ያስወጣል። 95ን በ133 ብናባዛ 12,635 ፓስካል ይሆናል፤ በ70 ሚሊ ሊትር ስናባዛው 0.88 ጁል። በደቂቃ 70 ምት ቢሆን 62 ጁል፣ ማለትም ወደ 1 ዋት። ደሙን ለማስፈንጠር የሚወጣው ጉልበት ሲታከልበት በዕረፍት ላይ ባለ ሰው ሁለት ከመቶ ቢጨምር ነው። በሌላ በኩል 170 ግራም የሚመዝን የግራ ክፍል ጡንቻ በ100 ግራም በደቂቃ 9 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ቢወስድ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ኦክስጅን 20 ጁል ያህል ያስገኛል፤ ስለዚህ ወጪው 306 ጁል። 62ን ለ306 ስናካፍል 20 ከመቶ።

የቀረው 80 ከመቶ የት ገባ? መልሱን የሚያሳየው የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ደም ሞልቶት የሚሠራ ልብ በ100 ግራም በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይወስዳል። ደሙ ወደ ማሽን ተዞሮ ልቡ ባዶውን ሲመታ፣ ወደ ውጭ የሚገፋው ጠብታ ሳይኖር፣ አሁንም 5.5 ሚሊ ሊትር ያህል ይወስዳል። ፖታስየም በበዛበት ፈሳሽ ሲቆም 1.1 አካባቢ ይወርዳል፤ ቆሞ ወደ 22 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ደግሞ 0.3። አስተውሉ፤ በፊዚክስ አቆጣጠር የባዶው ልብ ሥራ ዜሮ ነው፤ ወጪው ግን ከግማሽ በላይ ነው። ወጪው የሚወርደው መኮማተሩ ራሱ ሲቆም ነው።

ለተማሪዎችዎ ምሳሌው ቅርብ ነው። ሃያ ኪሎ ጤፍ ደረቱ ላይ አቅፎ የቆመ ሰው ከረጢቱን ወደየትም አላንቀሳቀሰውም፤ ኃይል ሲባዛ በርቀት ዜሮ ነው። እሱ ግን ያልበዋል። ጡንቻ ለመወጠር ብቻ ይከፍላል። ልብም በእያንዳንዱ ምት መጀመሪያ ላይ በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ ግፊቱን ከ10 በታች ተነስቶ ወደ 80 ያደርሳል፤ በዚያ ቅጽበት የወጣ ደም የለም፣ ወጪው ግን ተጀምሯል። ሌላው ወጪ ካልሲየም ነው፤ በየምቱ ወደ ጡንቻው ሕዋስ የሚለቀቀውን ካልሲየም መልሶ ወደ ማኅደሩ ለማስገባት ጉልበት ይጠፋል። ሕዋሱ በሕይወት ለመኖር ብቻ የሚያወጣውም አለ።

ይህን ነገር ቀድመው ያዩት በለንደን በልብ ተመራማሪው በኧርነስት ስታርሊንግ ዘመን የነበሩት ኢቫንስና ማትሱኦካ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ያው ሥራ በግፊት ሲሠራ በፍሰት ከሚሠራው በላይ ኦክስጅን እንደሚፈጅ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1958 ስታንሊ ሳርኖፍና ባልደረቦቹ ልብ በሚኮማተርበት ጊዜ ያለው የግፊት መስመር ከሥሩ የሚያካትተውን ስፋት ለኩ፤ ከሥራው ይልቅ ከኦክስጅኑ ጋር አብሮ የሚሄደው እሱ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የሚያረካው ግን የጃፓኑ ሂሮዩኪ ሱጋ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያቀረበው ነው። ግፊትን በቁመት፣ የልብ ክፍሉን ይዘት በአግድም አድርገው ይሳሉ፤ አንድ ምት የተዘጋ ቀለበት ይሠራል። የቀለበቱ ውስጥ እርስዎ ያሰሉት 0.88 ጁል ነው። ከቀለበቱ በስተግራ ግን ሦስት ማዕዘን ይቀራል። ምቱ ሲያልቅ በልቡ ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይቀራል፤ ግድግዳውም በዚያ ደም ዙሪያ በ100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ እንደተወጠረ ነው። ያ እንደ ተሳበ ላስቲክ የተቋጠረ ጉልበት ነው፤ ልብ ሲላላ ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ሱጋ ቀለበቱንና ሦስት ማዕዘኑን ደምሮ በውሻ ልብ ላይ ከኦክስጅን ጋር ሲያነጻጽር ቀጥ ያለ መስመር አገኘ፤ ደም ያስወጣ ምትም ሆነ ምንም ያላስወጣ ምት፣ ድምሩ እኩል ከሆነ ኦክስጅኑም እኩል ነው። መስመሩ ዜሮ ላይ አይነሳም፤ የሚነሳበት ከፍታ የካልሲየሙና የነፍስ ማቆያው ወጪ ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለውን ብቻ ብናስብ ጡንቻው 40 ከመቶ ያህሉን ወደ መካኒካዊ ጉልበት ይቀይራል፤ ይሄ ለሞተር መጥፎ አይደለም።

ለፈተና የሚሆን ጥያቄ እንጨምርልዎ፦ ግፊቱ ሳይለወጥ በአንድ ምት የሚወጣው ደም ቢያድግ ቅልጥፍናው ምን ይሆናል? ይጨምራል፤ ቀለበቱ ይሰፋል፣ ሦስት ማዕዘኑና የመስመሩ መነሻ ግን በዚያው ልክ አያድጉም። ግፊቱን ብቻ ቢያሳድጉ ቀለበቱም ሦስት ማዕዘኑም አብረው ያድጋሉ፤ ትርፍ የለም።

ጥያቄ፦ ጂም እሠራለሁ። የዕረፍት የልብ ምቴ 48 ነው። ልብ የተቆጠረለት ምት አለው፣ በስፖርት ቶሎ ታስጨርሰዋለህ ይሉኛል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ቆጥረን እንይ። 48 ምት በቀን 69,120 ነው፤ ምትህ 76 ቢሆን ኖሮ 109,440 ይሆን ነበር። በቀን ከ40,000 ምት በላይ ታተርፋለህ፤ የምትሠራበት አንድ ሰዓት ይህን አያጠፋውም። የሠለጠነ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ ያንኑ ሥራ በጥቂት ምት ይጨርሳል፤ ልብ ደግሞ ለእያንዳንዱ ምት የመወጠርና የካልሲየም ክፍያ አለበት።

አንድ ነገር ብቻ፤ ብረት ስታነሳ ትንፋሽህን አትያዝ። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት ክብደት አንሺዎች ደም ቅዳቸው ውስጥ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ግፊታቸው ሲለካ፣ በሁለት እግር ከባድ ጭነት ሲገፉ የላይኛው ግፊት በአማካይ ከ300 በላይ ሄዷል። ጤነኛ ወጣት ይችለዋል። ግፊት ያለበት የ50 ዓመት ሰው ግን ከጎንህ ያለውን ማሽን ቢመርጥ ክብደቱን ቀንሶ ብዛቱን ይጨምር።

ጥያቄ፦ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የእግር ጡንቻ ኦክስጅን ሲያጥረው ከደሙ ላይ የበለጠ ይወስዳል። ልብ ግን ለምን እንዲሁ አያደርግም? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቀድሞውንም ስለወሰደው ነው። ይህን ከያዝሽ ስለ ልብ ሕመም የምትማሪው ግማሹ ይገባሻል።

የሰውነት ድምር በዕረፍት ከሚደርሰው ኦክስጅን 25 ከመቶ ያህሉን ብቻ ይጠቀማል፤ የቀረው ተመልሶ ወደ ልብ ይመጣል። የልብ ጡንቻ ግን ከሚደርሰው 70 ከመቶና ከዚያ በላይ ያነሳል። ከልብ ጡንቻ የሚመለሰው ደም በሰውነት ውስጥ ካለው ሁሉ ጥቁሩ ነው፤ የኦክስጅን ሙሌቱ 30 ከመቶ ገደማ። ልብ ጎተራ የለውም፣ ተበዳሪም አይደለም። ደም በተቋረጠ በሰከንዶች ውስጥ የተቋረጠበት ክፍል መኮማተሩ ይደክማል። ስለዚህ ተጨማሪ ሲያስፈልገው ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ተጨማሪ ደም።

በቁጥር፦ ልብ በዕረፍት በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይደርሰዋል። ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) በዴሲ ሊትር 15 ግራም ከሆነ በሊትር ወደ 200 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን አለ፤ ስለዚህ 50 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፣ 35ቱን ይወስዳል። ሄሞግሎቢኑ በደም ማነስ ወደ 7.5 ቢወርድ ያንኑ 35 ለማግኘት 500 ሚሊ ሊትር ደም ያስፈልጋል። ይሄ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ የደም ሥሮቹን መጠባበቂያ ተጠቅሟል። የልብ ደም ቅዳው ትንሽ የጠበበ አረጋዊ በሆድ መድማት ደሙ ሲያንስ ደረቱን የሚያመው ለዚህ ነው፤ ደም ቅዳውን ከማሰብሽ በፊት ሄሞግሎቢኑን እዪ።

ሁለተኛ ነገር። የግራው ክፍል ጡንቻ ሲኮማተር የራሱን የደም ሥሮች ይጨፈልቃል፤ ስለዚህ በዋናነት የሚበላው ሲያርፍ ነው። በደቂቃ 60 ሲመታ ከየሰከንዱ ሁለት ሦስተኛው ዕረፍት ነው፤ በደቂቃ 40 ሰከንድ ያህል ገበታ ላይ ይቀመጣል። ምቱ 120 ሲደርስ ዕረፍቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ ገበታው 30 ሰከንድ ይሆናል። ሥራው እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ የመብያ ጊዜው ቀነሰ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚራበው የግድግዳው ውስጠኛ ድርብ ነው፤ የሚጨፈለቀው እሱ ይበልጥ ነውና።

ደም ቅዳው ሲጠብ ከጥበቱ በታች ያሉት ትናንሽ የደም ሥሮች ተከፍተው ያካክሳሉ። የደም ቅዳው ዲያሜትር ከግማሽ በላይ ሲጠብ ለከባድ ሥራ የሚሆነው መጠባበቂያ ማነስ ይጀምራል፤ በዕረፍት ያለው ፍሰት ግን እስከ 85 ከመቶ ጥበት ድረስ ላይቀንስ ይችላል። ዋርድ ውስጥ «ተኝቼ ምንም አይለኝም» የሚል ሕመምተኛ ሲገጥምሽ ይህን አስቢ።

ጥያቄ፦ እናቴ ባሕር ዳር ናት፤ 71 ዓመቷ ነው። ዳገት ስትወጣ ደረቷን ያማታል። አንጂዮግራም (የልብ ደም ሥሮች ራጅ) ተነስታ የልቧ ደም ቅዳዎች ክፍት ናቸው ተባለ። ግፊቷም 118 ነው። ታዲያ የሚያማት ምኑ ነው? (ከዱባይ)

መልስ፦ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነስታ ከነበረ ወረቀቱ ላይ «የአኦርታ በር መጥበብ» የሚል እንዳለ ይመልከቱ፤ ይህ ደም ከግራው ክፍል ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር ነው። ከላይ የጠቀስነው ብዜት የሚከዳው እዚህ ላይ ነው። ጨርቁ የሚለካው ክንድ ላይ ያለውን ግፊት ነው። በሩ ከጠበበ የግራው ክፍል 118ን ክንድ ላይ ለማድረስ ውስጡ 190 ማስነሳት ሊኖርበት ይችላል፤ ልዩነቱ በሩ ላይ ይቀራል። ልብ የሚከፍለው በ190ው ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ጡንቻው ግፊቱን ለመቻል ይወፍራል፤ የወፈረ ጡንቻ የሚበላው ብዙ ነው፣ የደም ሥሮቹ ግን እኩል አያድጉለትም። የልብ ደም ቅዳዎች የሚነሱት ከበሩ ማዶ ስለሆነ የሚደርሳቸው ግፊት የዝቅተኛው ወገን ነው። በጠባብ በር ለማስወጣት ጊዜ ስለሚፈጅም የዕረፍቱ ሰዓት ይቆረጣል።

ኤኮው ላይ ሦስት ቁጥሮች ይፈልጉ፦ አማካይ የግፊት ልዩነት 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በላይ፣ የደሙ ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜትርና ከዚያ በላይ፣ የበሩ ስፋት ከ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር በታች። እንዲህ ከሆነ ከሕመም ምልክቱ ጋር ተዳምሮ በሩን ስለመቀየር የልብ ሐኪም ማነጋገር ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም። ስትሠራ ራሷን ስታ ከነበረ የባሰ ያስቸኩላል። የጎረቤትን የልብ ክኒን፣ በተለይ ምላስ ሥር የሚደረገውን፣ ማንም እንዳይሰጣት፤ ግፊቷን በድንገት ሊጥለው ይችላል።

ጥያቄ፦ ምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን የልብን ደም ቅዳ እየከፈተ ነው አይደል ሕመሙን የሚያጠፋው? (ከመቀሌ)

መልስ፦ በጥቂቱ። ዋናው ሥራው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ የሰውነትን ደም መልሶች ያላላል። ደሙ እግርና ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንሳል፣ ልብም ያንሳል። የልብ ማነስ ለምን ይጠቅማል? የግድግዳው ውጥረት የሚሰላው ግፊትን በሬዲየሱ አባዝቶ ለውፍረቱ እጥፍ በማካፈል ነው። ግፊቱ 120፣ ሬዲየሱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 150 ይመጣል። ልቡ ሰፍቶ ሬዲየሱ 3.5 ሲሆን 210። ሲሰፋ ግድግዳው ወደ 0.8 ቢሳሳ 262። ግፊቱ ፍንክች ሳይል ክፍያው ሰባ አምስት ከመቶ አደገ። ልባቸው የሰፋ ሰዎች በሚያሸና መድኃኒት የሚቀላቸው በከፊል ከዚሁ የተነሳ ነው።

አወሳሰዱ፦ ይቀመጡ፤ ቆሞ የወሰደ ሊወድቅ ይችላል። አንድ ክኒን ምላስ ሥር ያድርጉ፣ አይዋጡት። በአምስት ደቂቃ ካልተሻለ ወይም ከባሰ ሁለተኛውን እየጠበቁ ቤት አይቀመጡ፤ አምቡላንስ ይጥሩ። ሲልደናፊል (ቪያግራ) በ24 ሰዓት፣ ታዳላፊል በ48 ሰዓት ውስጥ የወሰደ ሰው አይንካው። ክኒኑ ከመጣበት ጥቁር ጠርሙስ ወጥቶ በላስቲክ ከተቋጠረ ኃይሉን ያጣል።

የልብ ምትን የሚቀንሱት እንደ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉት በሌላ መንገድ ይሠራሉ፤ ምቱንም የመኮማተሩን ኃይልም ይቀንሳሉ፣ የመብያውን ጊዜ ያረዝማሉ። አልቆብኝ ነው ብለው በድንገት አያቋርጧቸው፤ ምቱና ግፊቱ ተመልሰው ሲዘሉ ልብን ለድንገተኛ ሕመም ይዳርጋሉ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። ጎንደሬ ነኝ። ከስምንት ወር በፊት ስቴንት (የጠበበ ደም ቅዳን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ተደርጎልኛል። ለጥምቀት ጎንደር፣ ከዚያ ላሊበላና ደባርቅ መሄድ አስቤያለሁ። ተወልጄ ያደግሁበት አየር ስለሆነ ችግር የለውም ይሉኛል። (ከአሜሪካ)

መልስ፦ መወለድ ዋስትና አይሆንም፤ ሰውነትዎ ለዓመታት የኖረው ከባሕር ጠለል ብዙም ባልራቀ አገር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን ግፊት 111 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል 149 ነው፣ ሦስት አራተኛው መሆኑ ነው። ላሊበላ 2,500፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ። የሰሜን ተራሮች ካምፖች ከ3,200 በላይ ናቸው።

ልብ ከደሙ ላይ ተጨማሪ ማንሳት እንደማይችል ለሐዋሳዋ ተማሪ መልሰናል። ስለዚህ ደሙ የሚይዘው ኦክስጅን ሲቀንስ ፍሰቱ መጨመር አለበት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ የልብ ምትና ግፊት ይነሳሉ፤ ሲራመዱ ሜሪላንድ ላይ ለምሳሌ 13,000 የነበረው የግፊትና የምት ብዜት ጎንደር ላይ ከዚያ ይበልጣል። የሚደርሰው ቀንሶ የሚጠየቀው ይጨምራል።

እዚያው ኖረው የቀሩት ወገኖች ጉዳይ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሲመረመሩ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም፣ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ይሄ የባሕር ዳርቻ ሰው ቁጥር ነው ቢባል ማንም አይጠረጥርም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን ደማቸው ወፍሮ ነው የሚያካክሱት።

ለእርስዎ የምንለው፦ ከመብረርዎ በፊት ሐኪምዎ ጋ በእንቅስቃሴ ምርመራ ያድርጉ፤ ሕመም ሳይሰማዎት ምን ያህል ብዜት እንደሚችሉ ቁጥሩን ይቀበሉ። ደም እንዳይረጋ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ለሙሉው ቆይታና ለአንድ ሳምንት ትርፍ ይያዙ፣ ግማሹን በእጅ ሻንጣ። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሁለት ሦስት ቀን ዳገት ሳይወጡ ይቆዩ። የሄሞግሎቢን ምርመራ ካላደረጉ ያድርጉ። ላሊበላ ወርደው መውጣት የግድ ስለሆነ የመውጫውን ጊዜ እጥፍ ያድርጉት፣ ቦርሳዎን ለሌላ ይስጡ። ደባርቅን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ላሊበላ ላይ ትንፋሽዎ ከተቸገረ ይሰርዙት።

ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ይዘው ከመጡ በብርድ የደነዘዘ ጣት፣ የጥፍር ቀለም ወይም ጥቁር ሂና ያለበት ጣት ውሸት ያነባል። እጅዎን አሙቀው አንድ ደቂቃ ያቆዩት፣ ቁጥሩ ሲረጋ ይጻፉ። ደረትዎ ከተጨመደደ ግን መለኪያውን ይተዉት፤ ይቀመጡ፣ ክኒኑን ምላስዎ ሥር ያድርጉ፣ ሰዓትዎን ይመልከቱ።